ከዳስ እስከ ሰፈር፦ በድንበር ላይ ለጥገኝነት ጠያቂዎች የሚሠራ ጊዜያዊ መጠለያ እንዴት ይታቀዳል?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በሁለት ሰዓት ገደማ ጉዞ ውስጥ ጋቢውን አውልቆ ጥላ መፈለግ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከዚያ ከግማሽ በታች በሆነ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት። አንድ ዓይነት ድንኳን በሁለቱም ቦታ ቢተከል በአንደኛው ሌሊቱን የሚያንቀጠቅጥ፣ በሌላኛው ደግሞ ቀኑን የማያስቀምጥ ይሆናል። ሰሜን ሸዋ የውጭ ድንበር ባይኖረውም፣ ይህን ልዩነት በየቀኑ የሚያይ ሰው በመተማ ወይም በሌላ የድንበር ከተማ ለተሻገሩ ሰዎች የሚሠራ መጠለያ ለምን በድንኳን ምርጫ ብቻ እንደማያልቅ ለመረዳት አይቸገርም። ደግሞም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በርካታ ተፈናቃዮች በሸራና በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ስለኖሩ፣ ጉዳዩ ለአካባቢው ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አስቀድሞ የቃላቱን ልዩነት መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዕለት ተዕለት ንግግራችን ከቤቱ የወጣውን ሁሉ «ስደተኛ» ማለት ይቀናናል። ተፈናቃይ ማለት ቤት ንብረቱን ጥሎ ቢሸሽም የአገሩን ድንበር ያልተሻገረ ሰው ነው። ጥገኝነት ጠያቂ ግን ድንበር ተሻግሮ የሌላ አገር መንግሥት ከለላ እንዲሰጠው የጠየቀ፣ ጥያቄውም ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰው ሲሆን፣ ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ በሕግ አነጋገር ስደተኛ ይባላል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲሻገር እያንዳንዱን ለየብቻ መርምሮ መወሰን ስለማይቻል፣ የመጡበት አገር ሁኔታ ታይቶ በቡድን እውቅና የሚሰጥበት አሠራርም አለ። ልዩነቱ ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን መጠለያ ለሚያቅድ መሐንዲስም ዋና ነገር ነው። ጥገኝነት ጠያቂው በድንበሩ ላይ የሚቆየው እስኪመዘገብ፣ እስኪመረመርና ወደ ውስጥ እስኪጓጓዝ ነውና፣ የመጀመሪያው መጠለያ የሚታቀደው ለመኖሪያነት ሳይሆን ለመጠበቂያነት ነው።

ሰዎቹ ለምን እዚያው ድንበሩ ላይ አይሰፍሩም ለሚለው ጥያቄ መልሱ የደኅንነት ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ ጥገኝነት የሰጡ አገሮች ስደተኞችን በተቻለ መጠን ከሸሹበት አገር ድንበር ምክንያታዊ በሆነ ርቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ይህን ርቀት በተግባር 50 ኪሎ ሜትር አድርጎ ይመክራል፤ ተሳዳጁን የሚያሳድድ ታጣቂ በአንድ ሌሊት እንዳይደርስበት፣ ሰፈሩም የታጣቂዎች መመላለሻ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ የሚሠሩት መጠለያዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በድንበሩ አጠገብ ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት የሚያገለግል መቀበያ፣ ሌላው ደግሞ ራቅ ብሎ ለወራትና ለዓመታት የሚያገለግል ሰፈር። የብዙ ስህተት ምንጭ ሁለቱን ማምታታት ነው፤ ለሁለት ቀን የተሠራው መቀበያ መኪና ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ሁለት ወር ሰዎችን ይይዛል።

መቀበያውን እንመልከት። አበሻ ድንገተኛ እንግዳ ሲበዛበት፣ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ፣ መጀመሪያ የሚሠራው ዳስ ነው፤ ግድግዳ የሌለው ጥላ። በሞቃት ድንበር ላይ የሚሠራ መቀበያም መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ በጋላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩት ሰዎች የደረሱት በአካባቢው የዓመቱ እጅግ ሞቃት ወር ላይ ነበር። በዚያ ሙቀት ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ከድንኳን በፊት የሚያስፈልገው ጥላና የመጠጥ ውሃ ነው። ጥላው ምን ያህል ይስፋ የሚለውን ደግሞ ቀላል ስሌት ይነግረናል። በአንድ ቀን 1,000 ሰዎች፣ ማለትም 200 ያህል ቤተሰቦች ቢመጡና አንድን ቤተሰብ መመዝገብ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ በአራት ጠረጴዛ ምዝገባው ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እንግዲህ የመጨረሻው ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ጥላው መሠራት ያለበት ለመዝጋቢው ብቻ ሳይሆን ለሰልፉ ነው። ይህን መናገር የሚያሳፍር ይመስላል፤ ሆኖም ጸሐፊው ጥላ ሥር፣ ባለጉዳዩ ፀሐይ ላይ የሚሆንበትን አሠራር ሁላችንም ከየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ እናውቀዋለን።

ሁለተኛው የመቀበያው ጉዳይ የእግር መንገዱ ነው። ፍተሻ፣ የጤና ምርመራ፣ ምዝገባ፣ ትኩስ ምግብና ማረፊያ በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬዱ መሆን አለባቸው፤ የታመመው ከጤነኛው፣ ያልተፈተሸው ከተፈተሸው ጋር መንገድ ላይ እንዳይቀላቀል። ለብቻቸው የመጡ ሴቶችና ወላጅ ያልተከተላቸው ሕፃናት የሚያድሩበት ክፍል ከጋራ አዳራሹ ይለያል፤ መዝጊያውም ከውስጥ የሚቆለፍ ይሆናል።

ከመቀበያው ወደ ሰፈሩ ስንሄድ ቁጥሮቹ ይበዛሉ። የረድኤት ድርጅቶችና የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዘጋጁት፣ «ስፌር» የሚባለው የጋራ መመዘኛ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል ይጠይቃል፤ ማብሰያና መታጠቢያ በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ቅዝቃዜ ባለበት ቦታ፣ ሰው ቤት ውስጥ ስለሚውልና ስለሚያበስል፣ ልኩ ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ከፍ ይላል። ለሰፈሩ በጠቅላላ፣ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና ክፍት ቦታውን ጨምሮ፣ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ይታሰባል። ይህ ልክ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በ20,000 ሰዎች ሲባዛ ግን 90 ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር 360 ጥማድ ገደማ ይሆናል። ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ሲታሰብ 300,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም 10,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ 30 ምልልስ ነው። አንድ የቦኖ ቧንቧ ለ250 ሰው ይበቃል ስለሚባል 80 ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለ20 ሰው ስለሚባል 1,000 መጸዳጃ ቤት ይቆፈራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዱ ለ50 ሰው እንዲሆን ይፈቀዳል፤ ያም ቢሆን 400 ጉድጓድ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች አንጻር ድንኳኑ የሥራው ትንሹ ክፍል መሆኑን አንባቢ ያስተውላል።

መሬት መምረጥ ከሁሉ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ለስደተኞች ሰፈር የሚሰጠው መሬት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያልፈለገው መሬት ነው። ጥሩ የሚባለው ከ1 እስከ 5 በመቶ ተዳፋት ያለው ነው፤ ከዚያ በታች ውሃ ይተኛል፣ ከዚያ በላይ አፈር ይሸረሸራል። በመተማ ቆላ ሰፊውን ቦታ የያዘው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጣጠቅና የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል፤ ከዚያ ያብጥና ስንጥቁን ዘግቶ ውሃውን ከላዩ ያስተኛል። በሚያዝያ ድንጋይ የመሰለው መሬት በሐምሌ ሰውንም መኪናንም የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ እንግዲህ በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በዚያ 90 ሄክታር ላይ የሚወርደው 18 ሚሊዮን ሊትር ነው። ይህ ውሃ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ካስማ ከመተከሉ በፊት መልስ ካላገኘ፣ መልሱን ራሱ ውሃው ይሰጣል፤ በመኝታው መሃል፣ በመጸዳጃው ጉድጓድ በኩል አልፎ ወደ ውሃ መቅጃው ይወርዳል። ኮሌራ የሚነሳው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ጉዳይ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ከማንም የሚያንስ እውቀት የለውም። በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ዙሪያ፣ መረሬውን የሚያርሰው ገበሬ ማሳውን በሰፋፊ መደብና በመሃከላቸው ባለ ቦይ ይከፋፍለዋል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ከውሃ ወጥቶ በመደቡ ላይ ይበቅላል። የመጠለያ ሰፈርም አሠራሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ ዋናው ቦይ ይቀደዳል፤ ቀጥሎ መንገዱ ከቦዩ ጎን ይዘረጋል፤ መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱ መጠለያ ወለል ከአካባቢው መሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ በድንጋይ ወይም በተጠቀጠቀ አፈር ይደለደላል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከከርሰ ምድር ውሃ መቅጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል፤ የጉድጓዱ መጨረሻም ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጠለል 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ውሃው ቅርብ በሆነበት ቦታ ወደ ታች መቆፈር አይቻልምና መጸዳጃው መድረክ ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ሥራው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ ግን ሌላ ምርጫ የለም።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንመለስ። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚያድለው የቤተሰብ ድንኳን 16 ካሬ ሜትር ዋና ወለል ሲኖረው፣ በፊትና በኋላ 3.5 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት ደጀ ሰላም መሰል መግቢያዎች አሉት። ለአምስት ሰው የታሰበ ነው፤ እንግዲህ ዋናው ወለል ብቻ ሲካፈል ለአንድ ሰው 3.2 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ዕድሜውም አንድ ዓመት ያህል ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይና ነፋስ ባለበት ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በቆላ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጠላቱ ጣሪያው ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ስለዚህ ድንኳኑ ሁለት ድርብ ጣሪያ እንዲኖረውና በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይህ ከሌለ ከሸራው በላይ የሣር ወይም የመረብ ጥላ በባላና በወጋግራ ይሠራለታል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ጠባቡን ጎን ብቻ እንዲመታ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ መግቢያዎቹ ደግሞ ነፋስ ወደሚመጣበት ይከፈታሉ። ቁመቱም በሞቃት ቦታ እስከ 2.6 ሜትር ከፍ እንዲል ይመከራል፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሰው ከሥሩ ይተነፍሳል።

በደጋ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ መግቢያው ከነፋስ ይዞራል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ሸራ ሙቀት የሚይዝ ውፍረት የለውም፤ ሰማዩ ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ቀን የያዘውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጣዋል። በዚያ ላይ የአምስት ሰው ትንፋሽ ሸራውን ከውስጥ ያላበውና ማለዳ በብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። የመንዝ ሰው ይህን ችግር በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በጓሳ ሣር ክዳንና ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ፈትቶታል፤ መደቡ በተለይ ሊስተዋል የሚገባው ነው፤ ብርድ ከላይ ከሚገባው ይልቅ ከመሬት የሚወጣው ተኝቶ ያለውን ሰው ቶሎ ይጎዳዋል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ከሁለተኛ ሸራ በፊት መኝታውን ከመሬት ማንሳት፣ ቢጠፋ እንኳ ደረቅ ጭድ አልብሶ በላዩ ላስቲክና ምንጣፍ ማንጠፍ ይቀድማል። ድንኳን ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር ግን በምንም መንገድ መፍትሔ አይሆንም። የአየር መውጫው በተዘጋበት ቤት ከሰሉ የሚለቀው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

እሳት ሲነሳ ስለ ማብሰያው መናገር ግድ ይላል፤ በብዙ ንድፎች ላይ የሚረሳው እሱ ነው። እንጀራ የሚጋገረው በሰፊ ምጣድና ረጅም ሰዓት በሚነድ እሳት ነው። ሱዳናውያን የሚበሉት ኪስራም በስሱ በጋለ ምጣድ ላይ የሚጋገር ነው። ይህን በሸራ ቤት ውስጥ ማድረግ ሰፈሩን ለእሳት መስጠት ስለሆነ፣ ለጥቂት ቤተሰቦች የጋራ የሆነ፣ ጣሪያውና የነፋስ መከላከያው የተሠራለት ማድ ቤት ከመጠለያው ራቅ ብሎ ይታቀዳል። እቅዱ ማድ ቤቱን ቢረሳውም ሰዎቹ ያበስላሉ፤ የሚያበስሉትም ድንኳናቸው ውስጥ ይሆናል። ለእሳት መከላከያ በሁለት መጠለያዎች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ይልቁንም የቁመታቸው እጥፍ፣ ክፍት ይተዋል፤ በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መስመር ይቀመጣል። ሰፈሩ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚያዘው ይህ ባዶ መስመር ስለሆነ የቧንቧ ወይም የኳስ ሜዳ ቢደረግበት ይሻላል፤ ሥራ ያለው ባዶ ቦታ ጠባቂ ያገኛል።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ከላይ ሲታይ የሚያምረው የወታደር ሰልፍ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ለኑሮ አይመችም። የኮሚሽኑ መመሪያ 16 ቤተሰቦችን አንድ ማኅበረሰብ አድርጎ በጋራ ግቢ ዙሪያ ማስፈርን፣ ከዚያም 16 ማኅበረሰቦችን በአንድ ብሎክ ማሰባሰብን ይመክራል፤ እኛ ግቢ የምንለው ማለት ነው፤ ደጆቹ ወደ ውስጥ የሚመለከቱ፣ ልጅ ሲያለቅስ ጎረቤት የሚሰማበት። የመጸዳጃ ቤቶቹ የሴትና የወንድ ተለይተው፣ ለአንድ የወንድ ሦስት የሴት ሆነው፣ ከቤት ከ50 ሜትር ሳይርቁ ይሠራሉ፤ የሌሊት መብራት ከሌላቸው ግን ሴቶች ከመሸ በኋላ አይሄዱባቸውም፤ የተቆፈረው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የድንኳን ከተማ በሥርዓት መትከል ለአገራችን እንግዳ እውቀት እንዳልሆነ ግን ማስታወስ ይገባል፤ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች የሚሉት ማዕረጎች በዘመቻው ሰልፍና ሰፈር ማን ከፊት፣ ማን ከቀኝ፣ ማን ከግራ እንደሚሆን የሚናገሩ ናቸው።

«ሰፈር» የሚለው ቃልም ዋናውን ነገር ያስተምረናል። ሰፈር መጀመሪያ ሠራዊት ወይም መንገደኛ ለጊዜው የሚያርፍበት ቦታ ነበር፤ ዛሬ ግን የምንወለድበትና የምንሸመግልበት መንደር መጠሪያ ነው። የስደተኞች ሰፈሮችም እንዲሁ ናቸው። በሶማሌ ክልል ጅግጅጋ አጠገብ ያለው የቀብሪ በያህ ሰፈርና በኬንያ ያለው ዳዳብ ሁለቱም በ1991 እ.ኤ.አ. ተከፍተው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ድንኳን ለእነዚህ ሰፈሮች ሠላሳ ጊዜ መቀየር ነበረበት ማለት ነው። በአንድ የስዊድን ድርጅት የተነደፈው፣ ከብረት አጥንትና ከፕላስቲክ ሰሌዳ የሚገጣጠመው 17.5 ካሬ ሜትር መጠለያ ለሦስት ዓመት ያህል እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ 17.5 ማለት ለአምስት ሰው በ3.5 ልክ የሚደርስ ነው። የተሻለ ነው፤ ግን እሱም ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ሲሰበርም መጠገኛው በመተማ ገበያ አይገኝም።

ስለዚህ ባለሙያዎች «መሸጋገሪያ መጠለያ» የሚሉት መንገድ ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። ነገሩ ጣሪያን ማስቀደም ነው፤ በመጀመሪያው ወር ጠንካራ ምሰሶና የቆርቆሮ ጣሪያ ይቆማል፣ ግድግዳው ለጊዜው ሸራ ይሆናል፤ ክረምት ወጥቶ አፈር ሲደርቅ ቤተሰቡ ራሱ ማገር ማግሮ በጭቃና በጭድ ይመርገዋል። ቤቱ በእጁ የተሠራ ስለሆነ ማደስም ይችላል። ችግሩ እንጨቱ ነው። በሩዋንዳ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጭፍጨፋ በኋላ ለስደተኞች የላስቲክ ሸራ ብቻ ሲታደል ሰዎች ለምሰሶ ደን መነጠሩ፤ በምትኩ የአሉሚኒየም ዘንግ ሲሰጣቸው ደግሞ ሸጠውት እንደገና ዛፍ ቆረጡ። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን ከካርቶን የተጠቀለለ ቱቦ ምሰሶ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነበር። በእኛ አገር አጠና ከደጋው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በመኪና ሊወርድ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከማጓጓዣው ጋር ተደምሮ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ የአካባቢው ዛፍ ያልቃል፣ ከነዋሪው ጋርም ጠብ ይነሳል። በቆላ ምስጥ ስላለ በመሬት ውስጥ የሚቀበረው የምሰሶ ጫፍ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ስለ ሰፈሩ መነሳት መናገር ነው፤ ማንም ሰፈር ሲከፍት ስለ መዝጊያው ማሰብ አይወድም። የሰፈሩ መሬት ከመሰጠቱ በፊት የማሳው ባለቤቶች ማን እንደነበሩና የት እንደተነሱ በወረዳው መዝገብ መስፈር አለበት። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ የቦኖው ውሃና የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ለአካባቢው ሕዝብ ይቀራሉ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዶቹ እስከ አፋቸው ድረስ በአፈር ይሞላሉ፤ የተነጠፈው ኮንክሪት ይሰበራል። የድንኳን ካስማዎች ደግሞ አንድ በአንድ ተቆጥረው መነቀል አለባቸው፤ በመረሬ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ብረት በቀጣዩ ክረምት በሬ ጠምዶ የሚመለሰውን ገበሬ ማረሻ ይሰብራልና።